ገበናና መዝገብ፤ በሲሪንቃና በአካባቢዋ ሰውን ስለ ማወቅና ስለ መከታተል

በአማርኛ «ገበና» የምንለውን ቃል በሌላ በአንድ ቃል መተርጐም አስቸጋሪ ነው። ነውር ማለት አይደለም፤ ነውር የሌለበት ቤትም ገበና አለውና። ምስጢር ማለትም አይደለም፤ ምስጢር ሁለት ሰዎች ተማምነው የሚጠብቁት ሲሆን፣ ገበና ግን ማንም ቃል ሳይገባበት፣ ጎረቤት ሁሉ እያወቀው እንኳ፣ እንዳልታወቀ ሆኖ የሚኖር ነገር ነው። የጎተራ መጉደል፣ የባልና የሚስት አለመስማማት፣ የዕዳ መክበድ፣ የልጅ ሕመም፣ ይህ ሁሉ ገበና ነው። ጎረቤት ይህን አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ «ገበናውን ሸፈነለት» ይባላል፤ በአደባባይ ሲያወራው ደግሞ የሚወቀሰው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ያወራው ሰው ነው።

በዘመናችን ሰውን በመሣሪያ ስለ መከታተል የሚጻፈው ጽሑፍ መነሻው ብዙውን ጊዜ የባሕር ማዶ አሳብ ነው። በ1883 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ የሕግ ሊቃውንት፣ ዋረንና ብራንዳይስ፣ በዚያ ጊዜ አዲስ የነበረው ቅጽበታዊ ፎቶግራፍና ወሬ አሳዳጁ ጋዜጣ ወደ ሰው ቤት ዘልቀው መግባታቸውን ተቃውመው፣ ማንኛውም ሰው ብቻውን የመተው መብት እንዳለው ጻፉ። ጽሑፋቸው ለኋለኛው ዘመን ሕግ መሠረት ሆኗል። ነገር ግን «ብቻውን የተተወ» የሚለው አነጋገር በየጁ ገበሬ ጆሮ ሲሰማ መብት ሳይሆን ርግማን ይመስላል። ብቻውን የተተወ ሰው ማለት ዕድር የሌለው፣ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው ያጣ ሰው ነውና። ስለዚህ የአገራችንን ነገር ለመመርመር የምንነሣው ከዚያ ሳይሆን ከገበና ነው። ገበና «ማን ዐወቀ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ያወቀው ሰው ምን አደረገበት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። በሲሪንቃና በአካባቢዋ በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የተለወጠው የሚታወቀው ነገር ብዛት ብቻ ሳይሆን ዐዋቂው ራሱ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ለማሳየት እንሞክራለን። ዐዋቂው ፊት ነበረው፤ ቀስ በቀስ ፊቱ ተሰወረ።

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ቦታ ናት። ምሁራን የሚያውቋት ይልቁንም በማሽላ ዘር ጥናት በታወቀው የእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው። በቀድሞው አከፋፈል የየጁ አውራጃ ክፍል ነበረች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ፣ በሠርግና በለቅሶ ተቀላቅሎ ይኖራል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ የመንደሩ ነገር ሁሉ ከረከቦቱ ዙሪያ ይነሣል፣ ይወድቃል። ቡና ተጠርቶ የቀረ ሰው ምን ሆኖ እንደ ቀረ ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ሳይታወቁ መኖር አይቻልም፤ የሚመኘውም ሰው ጥቂት ነው።

ቢሆንም ለዚህ መተዋወቅ ደጅ አለው። ሰው ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ዝም ብሎ በር አይከፍትም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ይግቡ» እስኪባል ይጠብቃል። በዚያች አጭር ጊዜ የቤቱ እመቤት የተዝረከረከውን ታነሣለች፣ ያልተከደነውን ትከድናለች፣ ያለቀሰው ዕንባውን ይጠርጋል። እንግዳውም ይህ እንደሚደረግ ያውቃል፤ የሚጠብቀውም ስለዚህ ነው። ተራ የሚመስለው የዚህ ልማድ ዋጋ የሚታወቀው ሳይጣራ የሚገባ ዐይን በመጣ ጊዜ ነው።

የጥንቱ ኅብረተ ሰብ ሰውን ለመመርመር የነበረውን ሥርዓት ስናነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነው። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በአዋጅ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም ሰው ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን በመሐላ ይናገራል። ነገሩ ካልወጣ በማግሥቱ፣ ካልሆነም በሳምንቱ እንደገና ይጠራል። የሚያውቅ ሰው በጠላት እንዳይያዝ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ በስውር ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም ተናጋሪውን ሳይጠሩ «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል። በደለኛው ካልተገኘ የአገሩ ሰው አዋጥቶ ለተበዳዩ የሚከፍልበትም ጊዜ ነበረ።

ይህን ሥርዓት የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ በግርምት፣ አንዳንዶቹም በንቀት ተመልክተውታል። እኛም አናሞግሰውም። የአጨዳ ወራት የሚሰበሰብ ሕዝብ እህሉ በማሳ ላይ ይረግፍበት ነበር፤ በወፍ ስም ቂም የተወጣም ሰው አይታጣም፤ ሴቶችም በሜዳው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ መርማሪውና ተመርማሪው አንድ ሕዝብ ነበሩ፤ ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው ራሱም በዚያው ሜዳ ላይ ፀሓይ እየመታው ይጠረጠራል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ሲያልቅ ያልቃል። የተነገረው ሁሉ አልተጻፈም፤ ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ የሰሙት ግማሹ አብሮአቸው ይቀበራል። ከእነዚህ ይልቅ ጽሑፍ የጎደለው መሆኑ ለዳኝነት ጉድለት ነው የሚል የሕግ ሰው ይኖራል፤ እውነትም ነው። ለገበና ግን ጥበቃ ነበረ።

ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ከዚህ የራቀ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ጢስ ተጢሶለት፣ እየተንፈራገጠ ከሄደበት ቤት ገብቶ ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ኋላ በመንግሥት ተከለከለ። እዚህ ላይ የምናነሣው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ተከሳሹ የሚሟገተው ከሰው ጋር አለመሆኑ ነው። ልጁ አላየም፣ አልሰማም፣ አይጠየቅም፤ መድኃኒቱም አይምልም። ዛሬ ኮምፒዩተር ያወጣውን ስም ይዞ ለሚመጣ ባለ ሥልጣን መልስ ለመስጠት የሚቸገር ሰው ያለበትን ሁኔታ ሌባ ሻይ አስቀድሞ ያሳየናል።

መሳፍንትና ነገሥታት ሕዝቡ የሚለውን ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በቃል የሚነገር ነገር ነው። እረኛው በግጥም፣ አዝማሪው በሰምና ወርቅ የተናገረው ወደ አደባባይ ይደርሳል። ተናጋሪው እንደሚደመጥ ያውቃል፤ አንዳንዴም እንዲደመጥለት ብሎ ይናገራል። ሰሙን ለጆሮ ጥሎ ወርቁን በልቡ ማስቀረት በዚህ አገር የቅኔ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የገበና መጠበቂያም ሆኖ ኖሯል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ኢጣልያኖች የዘረጉት የቴሌግራፍ ሽቦ ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በወሎ በኩል አልፎ ተፈጸመ። ሽቦው ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከሩቅ አገር ወሬን በሰዓታት ውስጥ የመስማት ኃይል ሰጠ። ስለ ሽቦው የፖለቲካ ጥቅም ብዙ ተጽፏል፤ ለተራው ሰው ምን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልክ ለሕዝብ አገልግሎት በሆነ ጊዜ፣ የገጠር ሰው የስልክ ጥሪ ወረቀት ደርሶት፣ በተቀጠረበት ቀን ወደ ከተማ ሄዶ፣ ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት እየጮኸ ከዘመዱ ጋር ይነጋገር ነበር። ደብዳቤውንም የሚጽፍለት ሌላ፣ የሚያነብለት ሌላ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ድምፅዋን በካሴት ቀርጻ ስትልክ ካሴቱ የሚደመጠው ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ነገር ግን በስልክ ቤት የቆመው ሰው ማን እንደሚሰማው ዞር ብሎ ያያል፤ ለዚያም የሚገባውን ቃል ይመርጣል። ገበናውን የሚጠብቀው በግድግዳ ሳይሆን በአነጋገር ነበር።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄደ። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ቤት ያለ ሕግ እንዳይፈተሽ፣ በአንቀጽ 26 የዜጎች መልእክት ያለ ሕግ ምስጢሩ እንዳይገለጥ ደነገገ። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህን አጸና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ሰው በሙያው ምክንያት ያወቀውን የሰው ነገር እንዲገልጥ እንዳይገደድ፣ የሰውም ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ በአንቀጽ 24ና 27 ሠራ። በወረቀት ላይ ይህ ለዘመኑ የሚያስደንቅ ነው። በዚያው ዘመን ግን «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ጊዜ የተገደሉት መኰንን ሀብተ ወልድ በሰፊው የወሬ ምንጫቸው ይታወቁ ነበር፤ በዚያው መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ወርቅነህ ገበየሁም የጸጥታው ሹም ነበሩ። ሰሚዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይሰማሙ እንደ ቀሩ ታሪኩ ያስረዳል።

ይህን ያህል ጆሮ የነበረው መንግሥት ወሎን እንዴት ሰማ? በዚህ ነገር ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. በወረ ኢሉ ረኃብ ገብቶ ሰው ማለቅ ጀመረ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረኃብ ባደረጉት ጥናት እንደ ገለጡት፣ ወረቀቱ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነሥቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ከደረሰም በኋላ ወደ ወሎ የተላለፈው ጥያቄ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክ የሚል ነበር። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ አንድ ሰው በቡና ቤት የተናገረው ቃል በማግሥቱ በሚደርስበት አገር፣ የሰዎች ሞት ለመድረስ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ሲደርስም በመዝገብ ካልሆነ አልታመነም። የሕያዋኑ ገበና ሳይጠየቁ ይታወቃል፤ ሙታኑ ግን እንደ ሞቱ ለመታወቅ ስም ማስመዝገብ ነበረባቸው።

ከዚህ የባሰው በ1965ና በ1966 ዓ.ም. መጣ። የየጁና የራያ ረኃብተኛ በደሴና በቆረም መካከል ወዳለው አውራ ጎዳና ወረደ። ጎዳናው ሰው የሚታይበት ቦታ ነውና። በመንደር ውስጥ ረኃብ ገበና ነው፤ ባዶ ምጣድ አስጥዶ ጢስ የሚያጤስ ቤት ነበር ይባላል፤ በጎዳና ላይ የወጣ ሰው ግን ገበናውን ራሱ አውጥቶ ጥሎታል፤ ሌላ የሚጥለው አልቀረውምና። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። መንግሥት የሸፈነው ነገር በዓለም ፊት ተገለጠ። እዚህ ላይ ነው «ገበና» የሚለው ቃል ከቦታው የተወሰደው፤ ሹማምንቱ ረኃቡን የደበቁት የአገር ገበና፣ የመንግሥት ክብር ነው በሚል አሳብ ነበርና። የሰው ገበና የደካማው መጠለያ ሆኖ ሳለ ኃይለኛው ሲለብሰው ምን እንደሚሆን ወሎ አየች።

ፊልሙ ነፍስ አድኗል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን በፊልሙ ላይ የታየችው እናት ማን ጠየቃት? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ነገሩ ለሕዝብ የሚጠቅም ሲሆን ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል፤ ስለዚህ ሕግ አልፈረሰም። ጎዳና አደባባይ ነው። ሴትዮዋ ግን በአደባባይ የተገኘችው ቤቷ ባዶ ስለ ሆነ ነው፤ ቤት ያለው ሰው በቤቱ ሲሞት አይነሣም። የሕጉ መጠለያ ቤት ላለው ብቻ የሚበጅ መሆኑን የወሎ ረኃብ ያሳየናል። ከዚያም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት ባለው ሌሊት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየው። የረኃብተኛው ፊት ርዳታ መለመኛ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መለወጫ ሆነ። ሁለቱም ጊዜ ባለ ፊቱ አልተጠየቀም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከቆረም የተላከው የሞሐመድ አሚንና የማይክል በርክ ፊልም ሲታይ ነገሩ ሦስተኛ ጊዜ ተደገመ፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ ድረስ በየሚዲያው ይዞራል።

ደርግ ያመጣው አዲስ ነገር ካሜራው ሳይሆን መዝገቡ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ በ800 ሔክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ለመሬት ድልድል ሲባል አባወራው በስሙ፣ ቤተ ሰቡ በቍጥር ተጻፈ። በመጀመሪያ ይህ ለጭሰኛው የድል መዝገብ ነበረ፤ ስሙ ከባለ መሬት ስም በቀር በወረቀት ያልተጻፈ ሰው ተጻፈ። በከተማ በ1969 ዓ.ም. ጸደይ ቤት ለቤት አሰሳ ተደርጎ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያ ሳይቀር ሲሰበሰብ፣ የቀበሌው መዝገብ በየቤቱ ማን እንዳለ ለማወቅ ያገለግል ነበር። በገጠር ደግሞ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ እጅግ ብዙ ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ሲያጓጉዝ፣ የገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር ማን እንደሚሄድ መለያ ሆነ፤ ለርዳታ እህል የተጠራ ሰው ለሰፈራ የተወሰደበት ሁኔታ በብዙ ምስክሮች ተነግሯል። ይህን ተቃውሞ የተናገረው የፈረንሳይ የሐኪሞች ማኅበር በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። የመዝገብ አደጋ ይህ ነው፤ መሬት ለማካፈል የተጻፈ ስም ሰውን ከመሬቱ ለመንቀል ይውላል። የአውጫጭኝ ሽማግሌ የሰማውን ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው ሰው በፊቱ «ለዚህ አልነገርንህም» ሊለው ይችል ነበር፤ መዝገብ ግን ለምን እንደ ተጻፈ አያስታውስም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን አሳጥረን እናልፋለን፤ ብዙዎቹ አንባብያን ያዩት ነውና። «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት በገጠር ሲዘረጋ የጤና ኤክስቴንሽንን ሥራ በእጅጉ የረዳ ነው፤ ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ፣ ቤተ ሰብ መጸዳጃ እንዲቈፍር አድርጓል። በዚያው ልክ ጎረቤት ስለ ጎረቤት አሳብ ለበላይ የሚናገርበት መንገድ ሆኗል የሚል ወቀሳ ነበረበት። ቡና ላይ የነበረው ማወቅ ወደ ላይ የሚሄድ መሰላል ተደረገለት። የቡናው መተዋወቅ በክብ ይዞራል፤ ይህ ግን ወጥቶ አይመለስም።

ስለ ስልክ ክትትል ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. «የምናደርገውን ሁሉ ያውቃሉ» በሚል ርእስ ሰፊ ዘገባ አወጣ። በዚያ ጊዜ ብቸኛው የስልክ ድርጅት የመንግሥት ነበርና፣ የደንበኞች የጥሪ መዝገብ ለጸጥታ ሠራተኞች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይደርስ እንደ ነበር፣ የተቀዳ ንግግርም ለምርመራ ይቀርብ እንደ ነበር ዘገባው ገለጠ፤ መንግሥት አልተቀበለውም። ከዚህም ይልቅ የሚያስተምረው በአሜሪካ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የተሰወረ ስም የቀረበ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ገብቶ የቤተ ሰቡን ንግግር ሳይቀር ቀድቷል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በ2009 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በደሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በሚል ምክንያት ክሱን ዘጋው። የተሰማው ሰው በቤቱ ተቀምጧል፤ ሰሚው ግን በሕግ ዐይን የትም አይገኝም። «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ በታወቀ ቦታ ይቆማል፤ ይህኛው እንግዳ መቆሚያ እንኳ የለውም።

እስካሁን ስለ ጸጥታ የተናገርነው አንባቢን እንዳያሳስት፤ ዛሬ የሰሜን ወሎ ገበሬ ገበናው አብዝቶ የሚጠየቀው በፖሊስ ሳይሆን በርዳታ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂ የሚመረጠው በማኅበረ ሰቡ ነው። የቤቱ በሬ፣ ላም፣ ፍየል፣ የመሬቱ ስፋት፣ ሠርቶ የሚበላ ጉልበት ያለው ሰው ቍጥር ይጻፋል፤ የተመረጡት ሰዎች ስም በአደባባይ ተነግሮ ሰው አስተያየት ይሰጥበታል፣ ቅር ያለውም ይግባኝ ይላል። ይህ አሠራር የተበጀው አድሎ እንዳይኖር ነው፤ በጎ አሳብ ነው፤ ከአውጫጭኝም ጋር ዝምድና አለው። ሽማግሌ በጓዳ ቢመርጥ ዘመዱን ይመርጣልና። ነገር ግን ትናንት ባዶ ጎተራዋን በነጠላዋ ሸፍና «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላህ» ትል የነበረች ሴት፣ ዛሬ እህል ለማግኘት ባዶነቱን በሕዝብ ፊት ማስመስከር አለባት። ፍትሕ አደባባይ ይፈልጋል፤ ገበና ጓዳ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እዚህ ላይ የሚመርጠው የቱን እንደ ሆነ ቢጠየቅ አደባባዩን ይመርጣል፤ ምክንያቱም በወረ ኢሉና በ1966ቱ ረኃብ የገደለው የጓዳው ዝምታ ነበርና። የምትከፍለው ዋጋ ግን ዋጋ ተብሎ ይጠራ።

በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ወጥቶ፣ «ፋይዳ» የተባለው መታወቂያ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዐይን ብሌንና የፊት ፎቶግራፍ እየወሰደ ይሰጣል። ለገጠር ሰው ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ ባንክ የሚያምነው ስም ያገኛል። ነገር ግን የቀበሌ መታወቂያ ቢጠፋ ሊቀመንበሩ ባለቤቱን በፊቱ ስለሚያውቀው ሌላ ይጽፍለታል፤ እዚህ ግን መሣሪያው ሰውን በሰውነቱ ብልት ያውቀዋል፣ ሰውዬው ግን መሣሪያውን አያውቀውም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ታውጆ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስተካከል መብት አግኝቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሲናገር ለኖረው ዝርዝር ሕግ የተሠራለት ከ29 ዓመት በኋላ ነው። መብቱን የሚጠቀምበት ገበሬ ግን መዝገቡ የት እንዳለ፣ ለማን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። አውጫጭኝ ቢያንስ ሜዳው የት እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ፤ ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ሰው የተረዳው ነገር ከዚህ ሁሉ ክርክር ይለያል። ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ማወቅ የተከለከለ ሰው ስለ ሰሚ ጆሮ አያስብም፤ ይሰማኝ እንጂ ይላል። ተሰሚነትና ገበና ጠላቶች አይደሉም፤ ሁለቱን የሚያጣላቸው ሽቦውን የያዘው እጅ ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን፣ ማለት ስለ ባህልና ስለ ኑሮ አጥኚዎች፣ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። በየጁ ገበሬ ከብቱን በቍጥር ጠርቶ አይናገርም፤ የልጆቹንም ቍጥር ሲጠየቅ ይሸሻል። ከፊሉ ዐይን ፍራቻ ነው፤ ከፊሉ ግብር ፍራቻ ነው፤ ከፊሉም፣ በ1977 ዓ.ም. ያየው ሰው ከሆነ፣ ዝርዝር ፍራቻ ነው። እኛ በመጠይቃችን ላይ ይህን «የተሳሳተ መልስ» ብለን እንመዘግባለን። በእውነቱ ግን ገበሬው ሳንጣራ ለገባነው ሰዎች «ቆይ፣ እስክከድን ጠብቅ» ማለቱ ነው። ስማቸውን እንደብቃለን እንላለን፤ ስም በምልክት ለውጠን፣ መንደሩን «ሀ» ብለን እንጽፋለን። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ መንደር «አንድ በሬ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆቿ ዓረብ አገር የሄዱባት ሴት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጥናቱ በመርሳ ወይም በሲሪንቃ ትምህርት ቤት ደርሶ አንድ ተማሪ ቢያነበው፣ ስሟን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ናትና።